ከቢራ ሁሉ የሚመረው

ልጇ «ከቢራ ሁሉ የሚመረው ይሄ ነው እማዬ» ብሎ አይፒኤ የሚሉትን የፈረንጅ ቢራ ጣሳ ከፈተ። ቀድሞ ጎንጨት አለና ፊቱን አጨማደደ። ሚስቱ ደግሞ ቀመሰችና «ኧረ ኮሶ ነው!» አለች።

ሠላሳ ዓመት ጠላ የጠመቀችው እናት ተቀብላ ተጎነጨች። ውሃ ውሃ አላት። ደገመች፤ ያው ነው።

ጓዳ ገባች። ከጌሾው ቆንጠር አድርጋ አላመጠች፤ እሱም አልመረራትም። ባለፈው ክረምት ጌሾ ሻጯን ወርቂቱን «ጌሾሽ አይመርም፤ ሌላ ቅጠል ቀላቅለሽበታል!» ብላ ገበያ መሀል ማዋረዷ ትዝ አላት።

ነጠላዋን ደርባ ከጓዳ ወጣች።

«ወርቂቱ ዛሬ ገበያ ትኖራለች?»

ልጇ ጣሳውን አስቀመጠ።

«ከዚያ ወዲህ ማን ከሷ ገዛ እማዬ? አገሩን ለቃ ከሄደች ቆየች እኮ።»