የኡሙሰልማ አቤቱታ

ኡሙሰልማ የእርቁን ድንጋይ ከዘማቹ ተማሪ ከአምሳሉ ማጅራት ላይ አንስታ «አፉ ብዬሃለሁ» ብትለው ነገሩ ያልቃል። እሷ ግን አትቸኩልም። እኔ መቀመጥ አቅቶኝ ከትምህርት ቤቱ በረንዳ ወደ መንገዱ፣ ከመንገዱ ወደ በረንዳው እመላለሳለሁ። አበጋር ኑርዬ፣ የአገሩን እስላምና ክርስቲያን ሲያስታርቁ የሸበቱ ሽማግሌ፣ እርቅ በጥድፊያ አይሆንም፣ አረፍ በል ይሉኛል። እሳቸው ምን አለባቸው! አንድ መቶ አለቃ የዘማቾችን ጣቢያ እየዞረ ተማሪ እንደሚለቅም ትናንት ከውጫሌ የመጣ ሾፌር ነግሮኛል። ከተወሰዱት ውስጥ የተመለሰ የለም።

እኔ የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ዲን ቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ድሮ የማየው ክስ ሳህን የሰበረ፣ መኝታ ክፍል ውስጥ የተደባደበ ነበር። ተማሪው ለእድገት በሕብረት ሲዘምት እኔንም አብረው ላኩኝ። እዚህ ሐይቅ አካባቢ ገበሬው በተማሪ ላይ የሚያቀርበውን አቤቱታ እሰማለሁ። አምሳሉ ምላሱን መያዝ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ባለፈው ስብሰባ ላይ ብድግ ብሎ፣ መሬቱ የሕዝብ ከሆነ ሥልጣኑስ መቼ ነው የሕዝብ የሚሆነው ብሎ ጠየቀ። መቶ አለቃው የሚለቅመው እንዲህ ያለውን ነው።

ጥፋቱ ደግሞ ክፋት የለበትም፤ የሚያናድደኝም ይሄ ነው። የኡሙሰልማ በሬ አርዲቦ ሐይቅ ዳር እርጥብ ሣር በልቶ ሆዱ ተነፍቶ ወደቀ። ከድርቁ የተረፋት እሱ ብቻ ነበር። እሷ የሚያርድላት ሙስሊም ጎረቤት ልትጠራ ስትሮጥ አምሳሉ ደረሰ። በሬው ሲያጣጥር አየና ሥጋው እንኳ ይትረፍላት ብሎ ራሱ አረደው። ክርስቲያን ያረደውን እሷ አትበላም፣ ወገኖቿም አይበሉም። በወጉ ቢሆን ጎረቤት ሥጋውን ተቃርጦ በሚያዋጣው ገንዘብ ጥጃ ትገዛበት ነበር። ክርስቲያኖቹም እሷ እያለቀሰች እንዴት ጉሮሯችን ይወርዳል ብለው አንነካም አሉ። ሥጋው የጅብ ሆነ። ሁሉን አውቃለሁ ባዩ አምሳሉ ግድግዳ ተደግፎ ሲንሰቀሰቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ማሳዋን በዶማ ይቆፍርላታል። እጁ ተልጧል። እሷም ራርታለች፤ ምሳውን የምታበላው እሷ ናት። እኔ ግን የምፈልገው ቃሏን ነው። መዝገቡ ንጹሕ ከሆነ መቶ አለቃው ሰበብ ያጣል ብዬ ከጧት ጀምሮ መውጫ መግቢያ አሳጥቻታለሁ።

አሁን ብድግ አለች። አምሳሉ ድንጋዩን እንደተሸከመ አጎንብሷል። እጇን ስትዘረጋ የላንድሮቨር ድምፅ ተሰማ።

መቶ አለቃው ልጅ እግር ነው፤ ጨዋ ነው፤ አበጋር ኑርዬን ጎንበስ ብሎ ነው የጨበጣቸው። አምሳሉ ለአጭር ጥያቄ ደሴ እንደሚፈለግ ነገረን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ያልተዘጋ ክስ አለበት ወይ አለኝ። በገበሬ ላይ ያጠፋ ተማሪ ገበሬው ሳይምረው ከጣቢያው አይነሳም፣ ሰፊውን ሕዝብ አስቀየሙ እንዳይባል፣ ተብለናል አለ።

«አልቋል። ይኸው እየታረቁ ነው» አልኩ።

ያልኩት ነገር የገባኝ ካልኩት በኋላ ነው። አፌን በቆረጠው! ስንት ዓመት መዝገብ ዝጋ ሲባል የኖረ አፍ ሌላ ምን ያውቃል። ልጁን በገዛ እጄ ገመድ አስገባሁት።

የኡሙሰልማ እጅ ድንጋዩ ላይ ነው።

«ደሴ ወስዳችሁ ትመልሱታላችሁ?» አለች።

መቶ አለቃው ቆቡን አስተካከለ።

እጇን ከድንጋዩ ላይ አነሳች።

«ማነው አለቀ ያለው?» አለች፤ ድምፅዋ ሌላ ሆነ። «በሬዬን አርዶ፣ ሥጋዬን ለጅብ ሰጥቶ፣ በቁፋሮ ሊሸነግለኝ? ወላሂ አፉ አላልኩም። መሬቱም ፍርዱም የእናንተ ነው ስትሉን አልነበር? እንግዲያው ፍርዱ የእኔ ነው። ቆፍሮ፣ ዘርቶ፣ አጭዶ፣ በሬዬን እስኪተካ ከዚህ ቀዬ ንቅንቅ አይላትም።»

አምሳሉ አንገቱ ይብስ ተሰበረ፤ እውነቷን መስሎታል። እኔም ለአፍታ እውነቷን መስሎኝ ነበር። አበጋር ኑርዬ ግን አንዴ አዩዋትና መሬት መሬት እያዩ፣ ያለ እሷ ፈቃድ እርቅ የለም፣ የአገሩ ወግ ነው አሉ። በረንዳው ዳር የቆሙት ገበሬዎችም እውነቷን ነው፣ እውነቷን ነው አሉ። መቶ አለቃው አንድ በአንድ አያቸው። ከንፈሩን ነከሰ፣ ሲያልቅ ላክብኝ አለኝና መኪናው ውስጥ ገባ።

አቧራው የአምባሰልን መንገድ ይዞ ሲሄድ ሁላችንም አየን። አምሳሉ እያለቀሰ፣ እትዬ ኡሙሰልማ ምን ላድርግ፣ ንገሪኝ ይላል። እሷ በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለት፣ እንደ ልጇ።

«ዝም በል፣ አብሽር» አለችው።

እኔ ልማዴ ሆኖ ቀጠሮ ልይዝ ፈለግሁ። መቼ ነው አፉ የምትይው አልኳት።

«እነሱ ሲሄዱ።»

«ሄዱ እኮ።»

«መኪናውን አላልኩም» አለች።