አልከፈትም ያለው ማንኮራፋት

የሙዚቃ አስተማሪዋ ጆሮ የታወቀ ነው። ክፍል ሙሉ ልጅ ሲዘምር አንዱ ድምፁን ትንሽ ዝቅ ካደረገ፣ ጀርባዋን ሰጥታ እንደቆመች «አንተ በመስኮቱ በኩል ያለኸው» ትላለች። እንዲህ ያለ ጆሮ ይዛ ከሚያንኮራፋ ባል ጋር መተኛት ዕጣ ፈንታዋ ሆነ።

ባሏ የድምፅ ዕቃ ጠጋኝ ነው። ዝምተኛ፣ «እሺ» ማለት የሚቀናው ሰው። ሰሞኑን ዓይኑ ደም መስሎ ነው የሚውለው። ሥራ ላይ ሲያንጎላጅ የሸሚዙን ቁልፍ በመበየጃው አቅልጦ ከሰው ራዲዮ ጋር አጣበቀውና ጓደኞቹ መሳቂያ አደረጉት። እሷ ግን አልገረማትም። የሚያንኮራፋ ሰው ቢተኛም አይጠግብም፣ ሐኪምም የሚለው ይህንኑ ነው አለች።

አንዳንድ ሌሊት ባንና ስትነቃ፣ የማንኮራፋቱ ጭራ ገና ጆሮዋ ላይ ነው። ዞር ስትል ባሏ ዓይኑን አፍጥጦ ጣራ ጣራውን ያያል። «ራስህንም ቀሰቀስክ አይደል?» ትለዋለች። «ይቅርታ» ይላል።

አማቷ ይህን ወሬ ሲሰሙ አልተቀበሉም። ልጃቸው ገና ሕፃን ሳለ ሲተኛ ትንፋሹ ስለማይሰማ፣ በሕይወት መኖሩን የሚያረጋግጡት አፍንጫው ሥር እጃቸውን አድርገው እንደነበር ተናገሩ። ነገሩ እየከረረ ሄዶ ሁለት ቤተሰብ ሊያቀያይም ሆነ። በመጨረሻ የሚስት ታላቅ ወንድም ገላጋይ ሆነና፣ ማስረጃ ይቅረብ አለ። ባል የሚያንኮራፋ ከሆነ አልጋውን ለቆ ሳሎን ያለው ሶፋ ላይ ይተኛል፤ ካልሆነ ሚስት አማቷን ይቅርታ ትጠይቃለች። ሶፋው አጭር ነው፤ ባል ደግሞ ረጅም።

አስተማሪዋ ልጆቹ ሲዘምሩ የምትቀዳበት አዲስ መቅጃ ነበራት። ማስረጃ ከሆነ አይቀር ጥራት ይኑረው ብላ፣ የመቅጃውን የጥራት ቁጥር ሁሉ የመጨረሻው ላይ አደረሰችው። በሁለቱ ትራሶች መካከል አስቀምጣ ከፈተችውና፣ ለሽ ብላ ተኛች።

በማግስቱ ፋይሉን በፍላሽ ይዛ ሳሎኑ ማጫወቻ ላይ ሰካችው። ማጫወቻው «ይህ ፋይል አይደገፍም» ብሎ ጻፈ። ነቅላ ሰካችው። እፍ አለችበት። የፋይሉን ስም ቀየረች። ፍላሽ ለወጠች። በወንድሟ መኪና ሞከረች፤ እዚያ ደግሞ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ድምፅ የለም። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነባት። ማንኮራፋት እንዲያሰማ የታዘዘው ዕቃ ጭራሽ አኮረፈ። የልጆቹን የድሮ መዝሙር ስትከፍትለት ግን እንደ ደህና ሰው ይዘምራል።

ባሏ አየና ምክንያቱን ነገራት። መቅጃው ድምፁን በሰከንድ መቶ ዘጠና ሁለት ሺህ ጊዜ እየለካ ነው የያዘው፤ ሳምፕል ሬት የሚባለው ይኼ ነው። ማጫወቻው ደግሞ ከአርባ ስምንት ሺህ በላይ መከተል አይችልም። «ፋይሉ ምንም አልሆነም፤ የማጫወቻው ጉሮሮ ነው የጠበበው» አላት። ኮምፒውተር ላይ ዝቅ ተደርጎ ቢለወጥ ይከፈታል።

ለውጠዋ አለችው። እሺ አለ። አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ሥራ በዝቶበታል ብሎ መጣ። ሌላ ቀን ፕሮግራሙ ተበላሽቷል፤ ሌላ ቀን ደግሞ መብራት የለም። የአገሩን ማጉያ ሁሉ የሚጠግን ሰው አንዲት ፋይል አቃተችው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ አለች በልቧ።

አንድ ምሽት ዕቃ እያጠበች፣ እሱ ሳህን እያደራረቀ ሳለ ድንገት ተናገረ።

«አንኮራፋለሁ። ለእማማም እኔው እነግራታለሁ። ሶፋውም ይመቸኛል። ፋይሉን አጥፊው።»

አሳዘናት። ፋይሉንም ልታጠፋው ቆርጣ ነበር። ነገር ግን እናትየው የልጃቸውን ቃል ሲሰሙ፣ ሚስቱን ፈርቶ ነው እንጂ እሱ አያንኮራፋም ብለው ድርቅ አሉ። እንግዲህ ማስረጃው ካልተሰማ ማብቂያ የለውም።

እሑድ ከሰዓት ሁሉም ሳሎን ተሰበሰበ። አማት ወንበር ይዘው፣ ወንድም በሩ አጠገብ። ባል ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ፋይሉን ሲለውጥ፣ ቆርጦ እንዳይጥልባት እሷ ከትከሻው ኋላ ቆማ ጠበቀችው። ሲጨርስ ፍላሹን በእጁ እንደያዘ ቀና ብሎ አያት።

«ይቅርብሽ» አላት።

«ክፈተው» አለች።

ማጫወቻው በዚህኛው ፋይል አላጉረመረመም። መጀመሪያ ጸጥታ፣ ቀጥሎ የአንሶላ መንኮሻኮሽ ተሰማ። ከዚያ ጀመረ። ቁም ሣጥን በሲሚንቶ ወለል ላይ እየጎተቱ፣ መሀል ላይ ፉጨት የሚጨምሩበት ይመስላል። መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ። ወንድም አፉን በመዳፉ ያዘ። አማት ቀስ በቀስ አንገታቸውን ደፉ።

አስተማሪዋ ደረቷን ነፋች። ሙያዋ አላስችል ብሏት ጣቷን አንስታ ምቱን ትመታ ጀመር፤ ሲስብ ወደ ላይ፣ ሲለቅ ወደ ታች። የዚህ ሰው ጉሮሮ ውስጥ ስንት መሣሪያ እንዳለ ሁሉም ይስማ ብላ ድምፁን ጨመረችው።

ማንኮራፋቱ ሳይቋረጥ፣ በላዩ ላይ የባሏ ድምፅ ቀስ ብሎ መጣ፦ «የኔ ዓለም፣ እስቲ በጎንሽ ዞር በይ።»