አልለየም

አልጋው ላይ የተነጠፈው ጨርቅ ርጥብ ነው። ከእኛ በፊት የገባችው ነፍሰ ጡር ሆድ ላይ የፈሰሰው ቅባት ገና አልደረቀም፤ አንድ ረጅም ፀጉርም ተለጥፎበታል። በሁለት ጣቴ አንስቼ መሬት እጥለውና ነጠላዬን አነጥፋለሁ።

«ኧረ ታደለች፣ ነጠላሽን!» ትላለች ዘሀራ።

«ዝም ብለሽ ተኚ። በዚያኛው እንኳን ሰው ላምም አይተኛበት።»

የአልትራሳውንዱ ባለሙያ አፉን ከፍቶ ማስቲካውን ያላምጣል፤ የሰማኝም አይመስል። ዘሀራ ልብሷን ትገልጣለች። አምና ደሴ ላይ ግራ ጡቷን ቆርጠው ያወጡበት ቦታ እንደ ጆንያ አፍ የተሰፋ ነው። ከስፌቱ ሥር ሽንብራ የምታህል ነገር ብቅ ካለች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። «ተመልሶብኝ ይሆን?» ብትለኝ ነው ጎረቤቴን ከመርሳ ወልድያ ይዣት የመጣሁት።

ባለሙያው የቅባቱን ዕቃ ሲጨምቀው ፈስ የመሰለ ድምፅ ያወጣል። ዘሀራ ፊቷን ታጨማድዳለች።

«ቀንድ አውጣ የሄደብኝ መሰለኝ።»

«ስንት ዓመት ቅባት ተቀቢ ስልሽ እምቢ ብለሽ! ይኸው ተኝተሽ ተቀባሽ።»

ትስቃለች። «አትንቀሳቀሺ» ይላል ሰውየው። ስልኩ ይጮኻል። በዚያው በተለቀለቀ እጁ አንስቶ ጉንጩ ላይ ይለጥፈዋል። «ጥብስ ካለማ እመጣለሁ» እያለ በሌላው እጁ ደረቷን ያሻል።

ድንገት እጁ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ስልኩን ይዘጋል።

«እዚህች ጋ የሆነች ነገር አለች።»

«ተመልሶ ነው?» ትላለች ዘሀራ።

«የቁስሉ ጠባሳም ሊሆን ይችላል። በዚህ መሣሪያ አይለይም። ደሴ ሄደሽ በመርፌ ተቀድቶ ይመርመር።»

ማበሻ የለም። በነጠላዬ ጫፍ እጠርግላታለሁ፤ ቅባቱ ይሳባል እንጂ አይለቅም።

ኮሪደሩ ላይ ነፍሰ ጡሮች ተደርድረዋል። ምራታቸውን ይዘው የመጡ አንድ እናት የዘሀራን ሰፊ ቀሚስ ያያሉ፤ ጠጋ ብለውም ቦታ ይለቁላታል።

«ምንድን ነው አሉሽ ልጄ፣ ወንድ ነው ሴት?»

አፌን ስከፍት ዘሀራ ክንዴን ትቆነጥጠኛለች።

«አልለየም፣ እማማ። ደሴ ሂጂ አሉኝ።»

«አይዞሽ። በሰላም ያገላግልሽ!»

ዘሀራ ሁለት መዳፏን ትከፍታለች። «አሚን» ብላ ፊቷን ታብሳለች። በቃ ልንሄድ ነው ብዬ እጇን ስይዛት፣ ከሴትዮዋ ፊት አትነቃነቅም።

«እስኪ ይድገሙልኝ» ትላለች።