ሦስት ድመትና አንድ መሐላ

ሮቢት ውስጥ መርዝ ያልገባበት ቤት ይፈለግ ቢባል የሚገኘው የዘሊካ ብቻ ነበር። ማሽላዋን ከነቀዝ የምትጠብቀው በኒም ቅጠልና በአመድ ነው፤ ከአይጥ የሚጠብቁላት ደግሞ ሦስት ድመቶች ናቸው። ሌላው ሰው ሽንኩርት ማሳ ዳር የጣለውን የፕላስቲክ ዕቃ ሁሉ እየለቀመች፣ በአመድና በፈላ ውሃ ፈትጋ፣ ለችግኝ ማፍያም ለድመት መጠጫም ታውለዋለች። ከወረዳ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወሰደው እሷ ዘንድ ነው። ብትኮራም አይፈረድባትም።

ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጅ የላትም። ቡሬን፣ ወለላንና ዳማን የያዘቻቸው እንደ ልጅ ነበር። ጠዋት ጠዋት ውሃቸውን ትቀይራለች፣ የሚተኙበትን ጆንያ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፣ ያደረ ምግብ አታቀምሳቸውም። የጠገበ ድመት አይጥ አይዝም እያሉ ሲቀልዱባት፣ የታመመም አይዝም ትላለች።

ከበለሱ አጥር ማዶ ጌታሁንና ሚስቱ አበበች ይኖራሉ። ዘጠኝ ዓመት እሳት የተጫጫሩ ጎረቤቶች ናቸው። አበበች መቅደስን ስትወልድ ወገቧን የያዘችው ዘሊካ ነበረች፤ ሕፃኗ አሁን ሁለት ዓመቷ ነው።

ጠቡን ያመጣው ቡሬ ነው። የጌታሁንን አራት ጫጩቶች በአንድ ቀን በላ። ጌታሁን አጥሩ ላይ ቆሞ፣ ድመቶችሽን ካላሰርሽ እኔ ጸጥ አደርግልሻለሁ አለ። ጎተራው ሥር የአይጥ መርዝ እንደሚያስቀምጥ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

በሳምንቱ ቡሬ ለሃጩን እያዝረበረበ፣ እየተንቀጠቀጠ ሞተ። ብዙም ሳይቆይ ወለላ እንዲሁ ሆነች። ዘሊካ ዳማን ቤት ውስጥ ዘጋችባት። በእጇ አበላቻት፣ ውሃዋን በቀን ሁለቴ ቀየረችላት። ዳማም ለሃጯን ማዝረብረብ ጀመረች። በመስኮት እየወረወረላት ነው አለች ዘሊካ፣ መስኮቱንም በጆንያ ደፈነችው።

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ሸህ ሸረፈዲን መሃል ተቀምጠው ግራና ቀኙን ሰሙ። ጌታሁን ካደ። ያላመኑት መሰለው፣ ብድግ አለና ማለ።

«እጄ ካለበት ልጄን ይንሳኝ።»

በዚያ አገር በልጁ የማለ ሰው ካበቃ በኋላ ማንም አይከራከረውም፤ የሚሆነውን ግን ሁሉም ይጠብቃል።

በመሐላው በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ የቧንቧው ውሃ ከተቋረጠ ሳምንት ሲሆነው፣ መቅደስ ታመመች። ለሃጯ አልቆም አለ፤ እጅ እግሯ ተንቀጠቀጠ። ቆቦ ሆስፒታል ወስደዋት በአራት ቀን አገገመች። ቤቷ ተመልሳ ሁለት ቀን ሳትቆይ ደግሞ ጣላት። ሐኪሞቹ የመርዝ ምልክት ነው ስላሉ ጌታሁን የአይጥ መርዙን አውጥቶ ቀበረው። መንደሩም ማስረጃውን ቀበረ አለ። ሐኪም ቤት የለቀቃት፣ ቤቷ ስትገባ የሚይዛት መሐላ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? በሰፈሩበት ቁና መሰፈር አይቀርም ተባለ።

አበበች መጥታ ዘሊካ እግር ላይ ወደቀች። ይቅር በዪን፣ መሐላው ይፈታ አለቻት። ዘሊካ ያቺን ሕፃን ስታዝላት ኖራለች። ግን ቡሬም ወለላም ዓይኗ ላይ ነበሩ። መጀመሪያ ባልሽ ይመን አለች። ሳምንት ሙሉ ከዚያ ቃሏ ፈቀቅ አላለችም።

በስምንተኛው ቀን ጌታሁን ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ መጣ። ሸህ ሸረፈዲን ከኋላው ነበሩ።

«እትዬ ዘሊካ፣ የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ልጄን ተይልኝ።»

«በምን ገደልካቸው?»

«በ... በሥጋ። መርዝ ለውሼ።»

«ዳማንስ? በር ዘግቼባት የለ?»

ጌታሁን መሬት መሬቱን አየ። ዘሊካ አፍሮ ነው ብላ ተወችው። ድንጋዩን በገዛ እጇ አወረደችለት። ዱዓ ተደረገ፣ መሐላው ተፈታ።

በሦስተኛው ቀን መቅደስ ሞተች።

ይቅርታው ዘገየ አለ መንደሩ። ዘሊካም ለራሷ ያለችው ይህንኑ ነው። ከቀብር ስትመለስ ምነው ያኔ አበበች ስትለምነኝ ምላሴን በቆረጠው እያለች አለቀሰች። አንድ ሳምንት ቀድማ አዎ ብትል ኖሮ ልጅቷ ዛሬ በበለሱ ሥር ትሮጥ ነበር።

በሠልስቱ ማግስት የእንስሳት ጤና ባለሙያዋ ጀዊሪያ ከጎብዬ መጣች፤ ዘሊካ ካስጠራቻት ሰንብታ ነበር። ዳማ ጥግ ላይ ተዘርግታለች። ጀዊሪያ ዓይኗን ገልጣ አየች፣ አፏን ከፈተች። ከዚያ የመጠጫዋን ዕቃ አነሳች። ውሃውን ደፍታ አሸተተችው፣ ደግማም አሸተተችው።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

ዘሊካ ከሽንኩርት ማሳ ዳር እንዳነሳችው፣ ሁለት እንደነበሩ፣ በአመድና በፈላ ውሃ ሦስቴ እንደፈተገቻቸው ነገረቻት።

«የፀረ ተባይ ዕቃ ነው፣ እትዬ ዘሊካ። መቶ ጊዜ ቢታጠብም አይለቅም። ድመቶቹን የፈጀው ሰው አይደለም፣ ይሄ ነው። ሌላውስ የት አለ?»

«ይሄኛው እንኳ አፉ የተሰነጠቀ ነው» አለች ዘሊካ። «ደህናውን ጠቡ ሳይነሳ ለአበበች ሰጥቻታለሁ፤ ቧንቧው ሲቋረጥ ለሕፃኗ ውሃ እንድታጠራቅምበት።»