አባባ ሊሄድ ነው

መምህሩ ለክፍሉ የቤት ሥራ ሰጠ። እያንዳንዱ ተማሪ ስለ ቤተሰቡ አጭር ዘጋቢ ፊልም ሠርቶ ይምጣ። «ማስመሰል የለም» አለ። «ቤታችሁን እንዳለ ቅረጹት።»

ልጅቷ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ይዛ ጀመረች። ሳይውል ሳያድር ቤት ውስጥ «ጋዜጠኛዋ» የሚል ስም ወጣላት። ትንሽ ወንድሟ ድንቡሼ ካሜራው በዞረበት ሁሉ ምላሱን እያወጣ ይገባባታል።

መጀመሪያ የቀረጸችው አባቷን ነው። አባቷ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ሱቁ ከቤታቸው መንገዱን ተሻግሮ ነው። ሰሞኑን ቃል አይወጣውም። ሥራውን ትቶ ይመጣል፤ በሩን ገርበብ አድርጎ ወደ ውስጥ ያይና ይመለሳል።

«አባባ፣ የረሳኸው ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችው።

«የለም። እሱን ነገር አጥፊው።»

እናቷ ግን እንደ ወትሮዋ ናት። አትቆጣም፤ አትስቅምም።

«እማ፣ ከአባባ ጋር እንዴት ተዋወቃችሁ?»

«ሰዓቴ ቆሞብኝ ላሠራ ሄጄ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይኸው።» የምድጃውን እሳት ቀነሰች። «ይልቅ ካሜራውን ወደ እጄ አድርጊው። ሩዙን በለካሽበት ጣሳ ሁለት እጥፍ ውሃ። መንተክተክ ሲጀምር እንዲህ ታደርጊዋለሽ። አየሽ?»

ልጅቷ ቀረጸች። ድንቡሼ ሲያፍነው መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሰጠውም እናቷ አሳየቻት፤ እሱንም ቀረጸች። ማን ያየዋል ብላ ሰልችቷት ነበር።

አንድ ቀን ከመስኮቱ ሥር የአባቷን ድምፅ ሰማች። ስልክ እያወራ ነው።

«አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽኝ» ይላል ለሆነች ሴት። «ነገ ነይልኝ። እኔ እንደጠራሁሽ ግን እንዳታውቅ።»

ልጅቷ መቅረጿን አላቆመችም። ማልቀስ አማራት፤ አልመጣላትም።

በማግስቱ እናቷ ገበያ በሄደችበት አባቷ ወንበር ላይ ወጥቶ ከቁም ሣጥኑ አናት ትልቁን ሻንጣ አወረደ። ግራ ቀኝ አይቶ መንገዱን ተሻገረና ሱቁ ውስጥ ከባንኮኒው ጀርባ ወሸቀው። ልጅቷ ሁሉንም ከበሩ ጥግ ቀረጸችው።

እናቷ ስትመለስ አስቀምጣ አሳየቻት። እናቷ እስከ መጨረሻው አየችው።

«እዚያ ነው ለካ» አለች።

«እማ፣ አባባ ጥሎን ሊሄድ ነው። አንድ ነገር አድርጊ እንጂ።»

እናቷ የልጅቷን ፀጉር ወደ ኋላ ሰብሰብ አደረገችላት። ረጅም ጊዜ እጇን ከራሷ ላይ አላነሳችም።

«አይዞሽ» አለቻት። «አባትሽ የትም አይሄድም።»

በሚቀጥለው ቀን ልጅቷ ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጣች። አባቷ ሲሄድ ካየች መንገዱን ልትዘጋበት ቆርጣለች። ሱቁ ተዘግቷል።

አባቷ ቤት ነበር። ድንቡሼን ታቅፎ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጧል። በስልክ «ነይልኝ» ያላት የእናቷ እህት ዘግይታ ደርሳ አጠገቡ ቆማለች። ልጅቷ ስትደርስ ቀና አላለም።

ጎረቤታቸው እንዳየችው እናቷ የወጣችው ረፋድ ላይ ነው፤ ልብሷን በአንሶላ ቋጥራ።