የእንግዳ ጫማ

ሰልዋ ዛህሌ ከተማ ካለው ቤታቸው በትከሻዋ ተሸክማ ያመጣችውን ምንጣፍ በአረጋውያን መኖሪያው ክፍል ውስጥ ዘረጋችና፣ ጠርዙ ላይ ቆማ ጫማዋን ለማውለቅ ጎንበስ አለች። በልጅነቷ በጫማ ረግጣው በጥፊ የተመታችበት ምንጣፍ ነበር። እናቷ ከወንበራቸው ዝቅ ብለው ዳበስ ዳበስ አደረጉት፤ ፊታቸው በራ። ማን እንደሆነች እየዘነጉ፣ ከፋሲካ ወዲህ በስሟ ጠርተዋት አያውቁም፤ አሁን ግን እንደሚጠሯት ሰልዋ እርግጠኛ ሆነች።

«ኧረ በሞቴ፣ አታውልቂ!» አሉ እናቷ እጃቸውን እያርገበገቡ። «ቤቱ እኮ ቤትሽ ነው፤ ዝም ብለሽ ግቢ።»

የሰልዋ ጣቶች የጫማዋ ማሰሪያ ላይ ቀሩ። እናቷ እንዲህ የሚሉት ለእንግዳ ብቻ ነበር። የቤት ሰው ማውለቅ ግዴታው ነው፤ ልመናው ለባዳ ነው።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ነኝ፤ ሰልዋ።»

«ይሁን የኔ ቆንጆ። አሮጊት መጠየቅ ጽድቅ ነው። እናትሽ ታድላ!»

በሩ ተከፈተና አስታማሚዋ ወፋ የምስር ሾርባ ይዛ ገባች። እግሯ ምንጣፉን ገና እንደረገጠ አሮጊቷ ጮኹ።

«አንቺ ደንቆሮ! በጫማ? ስንቴ ልንገርሽ? ዛሬ አባትሽ ይምጣ ብቻ!»

ሰልዋ ቁጣውን ቃል በቃል ታውቀዋለች፤ በልጅነቷ በእሷ ላይ ይወርድ የነበረው ነው። ወፋ እየሳቀች «እሺ እማዬ፣ እሺ!» ብላ ነጠላ ጫማዋን በር ላይ አሽቀንጥራ ጣለች።

ሰልዋ የጫማዋን ማሰሪያ አጥብቃ አሰረች። ከዚያም ቀና አለችና፣ እንደተባለችው ከነጫማዋ ምንጣፉን ረግጣ ለእንግዳ ወደተቀመጠው ወንበር ሄደች።