የአዲሱ ኮርማ ናሙና

የከብት ማዳቀያ ጣቢያው ኃላፊ፣ መካንነት የሴት ዕዳ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ገበሬዎች «ጌታው፣ ላሞቻችን አልይዝ አሉ» ብለው ሲመጡ ከወንበሩ ሳይነሳ «ላሞቻችሁን ሽጧቸው» ይላቸዋል። ኮርማዎቹ አንድም ቀን በምርመራ ወድቀው አያውቁም። አንዴ ብቻ የላቦራቶሪው ባለሙያ «የዚህ ኮርማ ዘር አይረባም» ብሎ ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላው ተባረረ። በእሱ ቦታ የመጣው ሰውዬ አለቃውን ሲያናግር ዓይኑን ከመሬት አያነሳም።

ቤቱም ውስጥ ያው ነው። ሚስቱ ታረግዛለች፣ ፅንሱ ግን አይረጋላትም። «ማሕፀን መስሎኝ ወንፊት አግብቼ» ይላታል፣ ያውም እናቱ ፊት። አፏን ይዛ ኖረች። አንድ ማታ ግን በቃት።

«ሐኪሙ ምንም የለብሽም ብሎኛል። ባልሽም ይመርመር አለ።»

«እኔን?» ሳቀ። «ስለ ዘር ለእኔ ሊያስተምረኝ?»

«ሲዋኝ ሲያዩት ደህና የሚመስል ዘር አለ አሉ፤ ውስጡ ያለው ዲኤንኤ ከተበጣጠሰ ግን ፅንሱ አይጸናም። ተመርመር። ደህና ከሆንክ ጨርቄን ማቄን ሳልል እወጣልሃለሁ። ካልሆንክ ደግሞ ትዳሬን ተውልኝ፣ ስድቡም ይብቃኝ።»

እናትየው ከጓዳ ሆነው «ምላሱን ሰጥቶ ማሕፀኑን ነሳት» አሉ።

ክሊኒክ ሄዶ፣ ብልቃጥ ይዞ ወረፋ መጠበቅ ለእሱ ሞት ነው። ሰው ቢያየውስ? እንዲህ ያለ ጀግና ደግሞ ከምንም በላይ ሐሜት ይፈራል። በማግስቱ ጠዋት የራሱን ናሙና በጣቢያው ብልቃጥ አድርጎ ላቦራቶሪ ገባ።

«ልንገዛው ያሰብነው አዲስ ኮርማ ነው» አለ። «ዲኤንኤውን ጭምር እይልኝ። የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ እንዳታሳፍረኝ።»

«አይወድቅም አለቃ» አለ ባለሙያው፣ ብልቃጡን ገና ሳይከፍት።

በዚያ ምርመራ ዘሩ ቀለም ይነከርና በማይክሮስኮፕ ይታያል። ጤነኛው አረንጓዴ ያበራል፣ የተበጣጠሰው ቀይ። ከምሳ በፊት ባለሙያው ቢሮ ድረስ መጣ።

«አረንጓዴ በአረንጓዴ ነው አለቃ። እንዲህ ያለ ዘር አይቼ አላውቅም።»

የኃላፊው ልብ ቅቤ ጠጣ። ለባለሙያው አመሰግናለሁ እንኳ አላለውም፤ ለራሱ ግን በመስታወት ፊት ቆሞ ፈገግ አለለት።

ማታ ቤቱ ሲገባ ኮቱን ሳያወልቅ ነገራት።

«የት ተመረመርክ?» አለች።

«ከክሊኒክ በሚበልጥ ቦታ።»

ትዋሻለህ ብላ ልትሟገተው ፈለገች። ግን ደስታው የውሸት አይመስልም፤ ደግሞም አልዋሸም። አልቅሳ ስታበቃ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ከተተች። በሩን የከፈቱላት እናትየው ናቸው። እሱ ከሶፋው አልተነሳም።

«ወንፊትሽን አትርሺ» አላት።

ወር ሳይሞላ እናትየው ከደህና ቤት ሙሽራ አገኙለት። እንዲህ ደረቱን ነፍቶ በሚውልበት ሰሞን ነው ባለሙያውን ቢሮው ጠርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ያቀረበለት።

«ምክትሌ ላደርግህ አስቤያለሁ» አለው። «ያ ውጤት ብዙ ነገር አቃልሎልኛል። ከእንግዲህ አትፍራኝ። በሆድህ የያዝከው ነገር ካለ አውጣው፣ አልቆጣም።»

ባለሙያው ቀና ብሎ አየው። አለቃው የምር ፈገግ እያለ ነው።

«እንግዲያው አለቃ» አለ፣ «በዚያን ቀን እንዳያባርሩኝ ፈርቼ ያሳየሁዎት የጣቢያችንን ጥቁር ኮርማ ውጤት ነው፤ እርስዎ ያመጡት ናሙና ዳር እስከ ዳር ቀይ ነበር፣ ቅርጹ ራሱ የኮርማ አይመስልም፤ ለሥጋ ካልሆነ በቀር ለዘርስ አይግዙት።»